የትንሿ ሙዚቃ ማጫወቻ ጣጣ

ሙዚቃ ብቻ የምታጫውት ትንሽ መሣሪያ አበቃላት ተብሎ ነበር። አፕል አይፖድ ናኖንና አይፖድ ሸፍልን በ2017 መሸጥ አቆመ። አይፖድ ተችን ደግሞ በ2022 ተሰናበታት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ስልክ ሁሉን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። እንደ ፊዮ፣ ሃይቢና ሻንሊንግ ያሉ የቻይና ድርጅቶች በመዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ማጫወቻ በላይ በላዩ እያወጡ ነው። ገዢ ባይኖር አይሠሯትም። ገዢውም ምክንያት አለው። ስልክ ላይ ዘፈን መስማት ማለት በመልእክት፣ በጥሪና በማስታወቂያ እየተቋረጡ መስማት ነው። የኢርፎን ቀዳዳም ከብዙ ስልኮች ጠፍቷል። አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ሲያነሳው ብዙ ሰው ተንጫጫ፤ ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ገመድ ያለው ጥሩ ኢርፎን ያለው ሰው ታዲያ ምን ላይ ይሰካው?

ስለዚህ ማጫወቻዋ ተመልሳለች። ጥያቄው እንዴት ሆና ትሠራ የሚለው ነው። ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ሁሉ ነገር አይገባም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ስለ ማጫወቻ ሲወራ አብዛኛው ክርክር ድምፅ ላይ ነው። የትኛው ቺፕ? ስንት ቢት? ስንት ኪሎኸርዝ? እኔ ግን ዛሬ ከሁሉ የቀለለው ጥያቄ ድምፁ ነው ባይ ነኝ። የሚከብዱት ሌሎች ሁለት ናቸው። መሣሪያዋ ለእጅ እንዴት ትመቻለች? ባትሪዋ ሲደክምስ ምን ይውጣታል? አምራቾች የሚቆጥቡት ደግሞ እዚሁ ላይ ነው።

ቦታውን ማን ይወስዳል?

በድሮ ጊዜ የማጫወቻን መጠን የሚወስነው ዘፈኑ የተቀመጠበት ዕቃ ነበር። ሶኒ በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን ሲያወጣ ከካሴት ያነሰ ሊያደርገው አይችልም ነበር። በ1984 ሲዲ የሚያጫውተውን ትንሽ መሣሪያ ሲያወጣም እንደዚያው ሆነ፤ ሲዲው ራሱ 12 ሴንቲሜትር ነው። መሐንዲሱ ምንም ቢጠበብ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም።

ኤምፒ3 ሲመጣ ይህ ገደብ ተነሳ፤ ግን ሌላ ተተካ። በ1998 የወጣችው ሪዮ ፒኤምፒ300 ውስጧ የሚሽከረከር ነገር አልነበረም። ቀላል ነበረች፤ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ነገር ግን የያዘችው ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ሙዚቃ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የግማሽ ሰዓት ዘፈን ጭነው ከቤት ይወጣሉ፤ ሲያልቅ ያንኑ ይደግማሉ።

በ2001 አፕል ሌላውን መንገድ መረጠ። የመጀመሪያው አይፖድ ውስጥ የቶሺባ 1.8 ኢንች ሃርድ ዲስክ ነበር፤ 5 ጊጋባይት ይይዛል። ዋጋው ክብደት ነው፤ 185 ግራም። ሌላም ችግር አለ። ሃርድ ዲስክ ሲሽከረከር ባትሪ ይጨርሳል፤ ሲንቀጠቀጥም ይሳሳታል። መፍትሔው ብልህ ነበር። ዲስኩ ለጥቂት ጊዜ ይነሳና የሚቀጥሉትን ዘፈኖች ወደ ትንሽ ሜሞሪ ገልብጦ ይተኛል። እስከ 20 ደቂቃ የሚደርስ ሙዚቃ ከዚያ ይነበባል። የዚያ ሜሞሪ መጠን ስንት ነበር? 32 ሜጋባይት። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ማጫወቻ ጠቅላላ ሀብት የነበረው ያህል አይፖድ ውስጥ ማረፊያ ብቻ ሆነ። የዚህ ዘርፍ ፍጥነት ምን ያህል እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከ2005ቱ አይፖድ ናኖ በኋላ ሃርድ ዲስኩ ራሱ አላስፈላጊ እየሆነ ሄደ። ናኖ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሳይኖራት እስከ 4 ጊጋባይት ይዛ ውፍረቷ 6.9 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ 128 ጊጋባይት ትይዛለች። ሲዲን ጥራቱን ሳይቀንስ በሚጨምቀው ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት እንኳ ቢጫን ከ400 አልበም በላይ ይገባል። ቦታ ማነስ የሚባለው ጉዳይ በዚህ ተዘጋ።

አሁን መጠኑን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ድምፅ የሚያወጣው ቺፕ በጎንና በጎን ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሰው የሚከራከርበት ዕቃ ከሁሉ ያነሰውን ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ትልቁን ቦታ የሚወስደው ባትሪው ነው፤ ከዚያ ስክሪኑ። ከዚያ ቀጥሎ ብዙዎች የማይገምቱት ይመጣል፤ የኢርፎን ቀዳዳው። መሰኪያው 3.5 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ወደ ውስጥ ደግሞ 14 ሚሊሜትር ያህል ይገባል። ዙሪያውን የሚይዘው ቤት፣ ከላይና ከታች ሽፋኑ ሲጨመር ከ5 ሚሊሜትር በታች መውረድ ይከብዳል። በ2012 የወጣችው ሰባተኛዋ ናኖ 5.4 ሚሊሜትር ላይ የቆመችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ከዚያ በታች ለመቅጠን ቀዳዳውን ጥሎ በብሉቱዝ መሄድ ነው። መሣሪያዋ ትቀጥናለች፤ ግን ጣጣው አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ገመድ የሌለው ኢርፎን የራሱ ባትሪ አለው። አንድ ቻርጅ ይደረግ የነበረው ሁለት ሆነ፤ መያዣ ሣጥኑ ሲቆጠር ሦስት። ሦስቱም በየራሳቸው ጊዜ ያረጃሉ።

ቻርጁን የሚበላው ማነው?

እስቲ እናስላው። ትንሽ ማጫወቻ ውስጥ 300 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ አለ እንበል። በ3.7 ቮልት ሲባዛ 1.1 ዋት ሰዓት ያህል ነው። 20 ሰዓት እንድታጫውት ከፈለግን በአማካይ ከ55 ሚሊዋት በላይ መብላት የለባትም።

ከዚህ ውስጥ ጆሮ ጋ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? በ1 ሚሊዋት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ የተለመደ ኢርፎን እንውሰድ። በ80 ዴሲቤል ለመስማት ከሚሊዋት አንድ መቶኛው ይበቃዋል። አዎ፣ 0.01 ሚሊዋት። ከበሮው ድም ሲል ለቅጽበት ይጨምራል፤ አማካዩ ግን ይኸው ነው። የቀረው በሙሉ የሚሄደው ፋይሉን ለማንበብ፣ የተጨመቀውን ለመፍታት፣ ማጉያውን በተጠንቀቅ ለማቆየትና ስክሪኑን ለማብራት ነው። ሙዚቃው ራሱ ከባትሪው የሚወስደው ኢምንት ነው።

ይህ ስሌት ብዙ ነገር ይገልጣል። ባለ ቀለም ትልቅ ስክሪን ሲበራ ብቻውን ከ55 ሚሊዋቱ በላይ ሊወስድ ይችላል። አይፖድ ሸፍል በ2005 ያለ ስክሪን ስትወጣ ብዙ ሰው አላመናትም። 22 ግራም ብቻ ትመዝን ነበር፤ 12 ሰዓት ታጫውታለች። ዘፈኖቹን በተርታ ወይም በዘፈቀደ ከማጫወት ሌላ ሥራ አልነበራትም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ሥራውን ቀንሰው ነው መጠኑን የቀነሱት፤ የማትችለውን እችላለሁ አላለችም። የሚያናድደው ተቃራኒው ነው፤ በ1.5 ኢንች ስክሪን ላይ አውራ ጣት አራት ፊደል አንድ ላይ እየነካ ዘፈን ፈልጉ መባል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ስፖቲፋይን የመሰለ ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰማ አገልግሎት በማጫወቻዋ ላይ ይኑር ሲባል ነው። እሱን ለማስኬድ አብዛኛውን ጊዜ አንድሮይድ ያስፈልጋል። አንድሮይድ ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ብዙ ሜሞሪ፣ መተግበሪያው ደግሞ ሰፊ የሚነካ ስክሪንና ዋይፋይ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለመቀለብ ትልቅ ባትሪ ይገባል። በመጨረሻ እጃችን ላይ የምትቀረው መደወል የማትችል ስልክ ናት፤ ያውም ወፍራም። ሁለት ወዶ አይሆንም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ማይቲ የተባለችው ማጫወቻ ከዚህ ለማምለጥ ሞክራ ነበር። ስክሪን የላትም፤ የስፖቲፋይን ዝርዝር በስልክ በኩል ትጭንና ስልኩን ትተው ይወጣሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ስፖቲፋይ ላይ ተጭኖ የተቀመጠ ዘፈን እንዲቆይ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። አገልግሎቱ አሠራሩን ከቀየረ መሣሪያዋ ምንም ሳትሆን ከጥቅም ውጪ ትሆናለች። የራስን ፋይል ካርድ ላይ አድርጎ የሚይዝ ሰው ይህ ስጋት የለበትም። ለዚህ ነው ፋይል እንደ ፍላሽ ዝም ብሎ የሚገለበጥባት ማጫወቻ፣ ምንም ተራ ብትመስል፣ ዕድሜዋ የሚረዝመው።

ስለ ድምፁ በአጭሩ

በሣጥኑ ላይ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ የሚል ይጻፋል፤ ድምፁ ምን ያህል በዝርዝር እንደተቀዳ የሚለኩ ቁጥሮች ናቸው። ሲዲ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነው፤ ለሰው ጆሮ የሚበቃ ተደርጎ የተሠራ ነው። እየተራመደ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይለያል ብዬ አላምንም። 4.4 ሚሊሜትር የሆነው ወፍራሙ ቀዳዳም በትንሿ ማጫወቻ ላይ ቦታ ማባከን ነው። እሱ የሚረዳው 300 ኦም (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው) የሆነ ከባድ ሄድፎን ለሚገፋ ሰው ነው። ኪስ ውስጥ ያለ ኢርፎን ከ16 እስከ 32 ኦም ነው፤ ያን ያህል ጉልበት አይጠይቅም።

ይልቅ መፈተሽ ያለባቸው ማንም የማይጽፋቸው ነገሮች ናቸው። ዘፈኑ ሲቆም ኢርፎኑ ውስጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል? የድምፅ ደረጃው ከታች ሲጀምር ምን ያህል ይዘላል? ሌሊት በጸጥታ ለሚሰማ ሰው ደረጃ 1 ጸጥ ብሎ ደረጃ 2 የሚጮህ ከሆነ፣ ውድ ቺፕ ውስጡ መኖሩ ምን ይፈይዳል? ደረጃውን ማጥበብ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ቦታም ባትሪም አይወስድም። ለጆሮም ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ80 ዴሲቤል ነው።

እጅ ያለ ዓይን

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ትንሽ ማጫወቻ ኪስ ውስጥ ሆና የምትሠራ ዕቃ ናት። ሰው የማይወደው ዘፈን ሲመጣ የሚያደርገውን አስቡት። እጁን ይከታል፤ አውራ ጣቱ ጠርዟን ይዳስሳል፤ ከፍ ያለችውን ነጥብ ያገኛል፤ ይጫናል። ዓይኑ ከመንገዱ ላይ አልተነሳም። ይህ ሁሉ በሁለት ሰከንድ ያልቃል። ለስላሳ መስታወት ላይ ግን ጣት የሚይዘው ነገር የለም። አውጥቶ ማየት፣ መክፈት፣ መንካት ይመጣል። ዝናብ ካለ ወይም እጅ ካላበው ደግሞ እሱም አይሆንም። ያን ሁሉ ካደረጉ ስልኩንስ ማውጣት ምን ነበረበት?

ቁልፍ ቦታ ይወስዳል። ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ከሥሩ ማብሪያ ይገባል፤ ለውሃና ለአቧራ መግቢያ ይሆናል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ መቅጠን ሲፈለግ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። በ2009 የወጣችው ሦስተኛዋ አይፖድ ሸፍል የዚህ ትልቋ ማስረጃ ናት። 10.7 ግራም ብቻ ነበረች። አናቷ ላይ ካለው ማብሪያና ማጥፊያ ማንሸራተቻ በቀር አንድም ቁልፍ የላትም። ማስቆሙም፣ ማለፉም፣ ድምፅ መጨመሩም የኢርፎኑ ገመድ ላይ ሄደ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሰው የራሱን ኢርፎን ሲሰካ ዘፈኑን ማለፍ አልቻለም። ገመዱ ከተበላሸ መሣሪያዋም አብራ ሥራ ፈታች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። አፕል በዓመቱ ቁልፎቹን መለሳቸው። የ2010ሯ ሸፍል ከፊተኛዋ ሰፋ ብላ መጣች፤ እስከ 2017ም በዚያው ቅርጽ ተሸጠች።

የሚገርመው በዚያው በ2010 ናኖ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተሠራ። ዘፈን የሚመረጥበት ክብ መንኮራኩር ተነሳና ትንሽ አራት ማዕዘን የሚነካ ስክሪን ሆነች። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ጠርዟ ላይ ነበሩ፤ ማስቆሚያ ግን አልነበረም። በ2012 የመጣችው ናኖ በሁለቱ መካከል ማስቆሚያ ቁልፍ ጨመረች። ሁለቴ ተቆርጦ ሁለቴ ተመለሰ። ይህን ታሪክ እያወቁ ዛሬም በሚነካ ስክሪን ብቻ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ የሚያወጡ አሉ፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

መጠን መቀነስ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለቴ ግን አይደለም። የ2003ቱ አይፖድ ከመንኮራኩሩ በላይ አራት ቁልፎች በተርታ ነበሩት። በ2004 አይፖድ ሚኒ ሲሠራ ለእነሱ ቦታ ጠፋ። መሐንዲሶቹ ቁልፎቹን ከመንኮራኩሩ ሥር ቀበሯቸው፤ ጣት መንኮራኩሩ ላይ እየተንሸራተተ ይዞራል፣ አራቱ ጎኖቹ ደግሞ ይጫናሉ። ከፊተኛው የተሻለ ሆነና ወደ ትልቁ አይፖድም ተዛወረ። ጥበት ብልሃት ሲወልድ እንዲህ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እዚህ ቁልፉን ለማዳን ነው የተጠበቡት።

ሳንዲስክ በ2007 ያወጣት ሳንሳ ክሊፕም በዚህ መንፈስ የተሠራች ነበረች። ልብስ ላይ ትቆነጠጣለች፤ ትንሽ ደማቅ ስክሪን አላት፤ ቁልፎቿ በጣት ይለያሉ። በ2009 የመጣችው ታናሿ ሚሞሪ ካርድ መቀበል ጀመረች። ሮክቦክስ የሚባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ነጻ ሶፍትዌር ሲጫንባት ደግሞ አምራቹ ያላሰበውን ሁሉ ትችል ነበር። ከርካሽ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ይኸው ነው፤ የሶፍትዌር ትኩረት። ከላቲን ውጪ ያለ ፊደል በባዶ ካሬ ይመጣል፤ ረጅም ትረካ ሲቋረጥ ከመጀመሪያው ይነሳል። እነዚህ ቦታ ስላልተገኘ የተተዉ አይደሉም። ማንም ስላላሰበባቸው ነው።

ማን ቀድሞ ያረጃል?

ሊቲየም ባትሪ ያረጃል። ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ከተራገፈ በኋላ አቅሙ ቀንሶ መታየቱ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ትንሽነት የሚያመጣው አንድ ነገር አለ። ባትሪው በግማሽ ካነሰ ለተመሳሳይ የማዳመጥ ሰዓት ሁለት እጥፍ ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ ትንሿ ማጫወቻ ከትልቋ ቀድማ ታረጃለች። ያቺው ትንሿ ናት ደግሞ በሙጫ የታሸገችው።

የሪዮ ባለቤት ድንጋይ ሲያልቅበት ሌላ ይከት ነበር። የዚያ ዋጋ ውፍረት ነው፤ ያ ድንጋይ 14.5 ሚሊሜትር ነው፤ ቀጭኑም 10.5። 6.9 ሚሊሜትር የሆነች ናኖ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጠፍጣፋ የሊቲየም ባትሪ ገባ፤ ብሎኑ ቀረ፤ ሙጫ መጣ። አሜሪካ ውስጥ የአይፖድ ባትሪ ቶሎ ይደክማል በሚል የተከፈተ የጋራ ክስ በ2005 በስምምነት አልቋል። በ2011 ደግሞ አፕል የመጀመሪያዋ ናኖ ባትሪ ሊግልና አደጋ ሊያመጣ ይችላል ብሎ በ2005ና በ2006 የተሸጡትን መቀየር ጀመረ። ባትሪው ቢወጣ ኖሮ ባትሪው ብቻ ይቀየር ነበር።

ባትሪውን በብሎንና በትንሽ መሰኪያ ለመያዝ ምን ያህል ቦታ ይጠይቃል? እንደ አሠራሩ ይለያያል፤ ግን የምንነጋገረው ስለ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ነው። ኪስ ውስጥ ያለ ዕቃ 8 ሚሊሜትር ሆነ 11፣ ባለቤቱ ከሁለት ቀን በኋላ አያስታውሰውም። ባትሪው የሞተ ዕለት ግን ያስታውሰዋል። እኔ ብጠየቅ ሦስቱን ሚሊሜትር ሳላመነታ እሰጣለሁ።

ጉዳዩ አሁን በአምራቹ በጎ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በእጅ የሚያዙ ዕቃዎች ባትሪ በተጠቃሚው ራሱ መውጣትና መተካት እንዲችል ያዝዛል። መለዋወጫ ባትሪውም የዚያ ሞዴል የመጨረሻ ዕቃ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት በተመጣጣኝ ዋጋ መገኘት አለበት። በዋናነት ውሃ በሚረጭበት ቦታ ለሚሠሩ ዕቃዎች የተለየ ሁኔታ አለ። ለዋናና ለሩጫ የሚሠሩ ማጫወቻዎች በዚህ ቀዳዳ ለመሹለክ ሊሞክሩ ይችላሉ፤ እዚያ ላይ ነው ዓይን መጣል ያለበት። ለሌሎቹ ግን ማምለጫው ጠባብ ነው። ትንሽ ማጫወቻ የሚሸጠው በብዙ አገር ነው፤ ለአውሮፓ ብቻ የሚከፈት፣ ለሌላው የሚታሸግ ሁለት ዓይነት አካል መሥራት ለትንሽ ድርጅት አያዋጣም።